በወህኒው በር ያጎነበስኩት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። «ያጎነበስሽበትን ቀን ሁሉ አንድም ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ እሁድ መጥቼ በጉባኤው ፊት ኅብስቱን በገዛ እጄ እሰጥሻለሁ» ብለሃል። እግዜር ይስጥልኝ።

ጃፓኖቹ ከተማችንን ማሳንን ለቀው ከሄዱ ወዲህ፣ ለአማልክታቸው የሰገድን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኋላ ምንጣፍ ላይ እየተቀመጥን ንስሐ ስንገባ ከረምን። መጀመሪያ ብዙ ነበርን፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ስለምንቀመጥ ብርዱም አይሰማንም ነበር። አንድ በአንድ እየተናዘዙ ወደ ፊት ሄዱ። አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኅብስቱ ሲዞር የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሃም እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያልፈኛል። እሱስ ይሁን፣ ሴቶቹም ቤቴን መርገጥ ተዉ። እናታችን ከሞተች በኋላ ለአንድ ሰው ማብሰል አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ ሲነጋ ብቻዬን ቀዝቃዛውን እበላለሁ። በጣም ብቸኛ ሆኛለሁ ጋሼ።

ያኔ ትዝ ይልሃል? ፖሊሶቹ ምእመናኑ ኮረብታው ላይ ወዳለው የጃፓኖቹ መቅደስ ወጥተው ይስገዱ ሲሉ ሃም ተነስቶ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! ጳውሎስስ ለሹም ተገዙ አላለም? ደግሞ ይሄ ሰላምታ እንጂ አምልኮ አይደለም» አለ። አንተም፣ «ሹሙ ግብር ካለኝ እከፍላለሁ፣ መንገድ ጥረግ ካለኝ እጠርጋለሁ። ጉልበቴ ግን የእሱ አይደለም» አልክ። በሳምንቱ ወሰዱህ። እኔ በወሩ ከገበያ ሴቶች ጋር ኮረብታው ላይ ወጥቼ ሰገድኩ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህንን ጻፍልኝ፤ አልቅሼበታለሁ፤ ዳግመኛም አላደርገውም።

ያልነገርኩህ የቡሳኑን ወህኒ በር ነው።

ካንተ ክፍል የተፈታ አንድ ሰው ደም እየተፋህ እንደሆነ ነገረኝ። ስኳር ድንች ቀቅዬ፣ ደረቅ ዓሣ ጨምሬ በባቡር መጣሁ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የእኛው አገር ሰው ነበር።

«የማን እህት ነሽ?»

«የዶክቦ።»

«አሃ፣ የዚያ ግትር! እሱ አላጥፍም ያለውን ወገብ አንቺ እጠፊለታ። ፊትሽን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጃፓኑ ንጉሥ ቤተ መንግሥት። አይ ካልሽ ድንችሽን ታቅፈሽ በመጣሽበት ባቡር ተመለሽ።»

ቅርጫቴን ታቅፌ ቆምኩ። ከኋላዬ ለልጇ ስንቅ የያዘች አሮጊት ተራዋ እንዳያልፍባት ነው መሰለኝ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ «ምን ትገተሪያለሽ ልጄ፣ ጎንበስ በይና ፍሺበት!» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡ። አጎነበስኩ። ዘበኛው ቅርጫቱን ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ እስክትፈታ ድረስ በየወሩ እንደዚያው ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን «ዝቅ አላልሽም» ብሎ ደግሞ አሰግዶኛል፤ የተረገመ!

አልነገርኩህም፤ ብነግርህ ስንቁን እንደማትነካው አውቃለሁ። አንተን አውቅሃለሁ።

የተፈታህ ጊዜ መድረኩ ላይ ቆመህ፣ «ኤልያስን በቁራ የመገበ አምላክ እኔንም መግቦኛል» ብለህ ወደ እኔ ፈገግ አልክ። ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ሦስት እሁድ ልናዘዝ ተነስቻለሁ። የኮረብታው ይወጣልኛል፣ የበሩ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ንስሐ ማለት አልደግመውም ማለት ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ነገ መልሰው ቢያስሩህ፣ ነገውኑ ሄጄ አጎነብሳለሁ። ታዲያ ምን ብዬ እናዘዝ? በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ ልዋሽ?

ተሳስተሃል አልልህም። አንተና መሰሎችህ ባትኖሩ ሁላችንም የነሱ መቀለጃ ሆነን በቀረን ነበር፤ በአንተ እኮራለሁ። ግን ጋሼ፣ ሁላችንም ወህኒ ገብተን ቢሆን ስንቅ የሚያመላልስልህ ማን ነበር? ይህን ብቻዬን ሳስበው ነው የምከርመው፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሃም እንደሆነ ተናዝዞ ከጨረሰ ወዲህ ከሁሉም በላይ ጻድቅ ሆኗል።

እንግዲህ ሁሉንም ጻፍኩልህ። እሁድ ኅብስቱን ይዘህ ስትመጣ ብታልፈኝ አልቀየምህም፤ ሕጉ ያንተ አይደለም። ከጸሎት በኋላ ግን ቤት ና። ሩዝ አግኝቻለሁ፣ ዓሣም አለ፤ ለሁለት ሰው አበስላለሁ። ኅብስቱን መከልከል እችለዋለሁ ጋሼ፤ ይህን ሁሉ አንብበህ ከእጄ አልበላም ካልከኝ ግን አልችለውም።

እህትህ ኦክሬ