ሁለተኛዋ ማንኪያ

ሐምሌ 10
ዝናብ። ማላቲ ዛሬም ከክፍል ወጥታ ስትሮጥ ዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ተቀምጣ አታውቅም። አስተማሪዋ በር ላይ ያዘችኝ። «እኔስ ሰው አይደለሁ? ሌላውን ልጅ ሁሉ ትቼ እሷን ላባርር? እስከ ኦናም የመከር በዓል ካልተሻላት ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉላት።» አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እሷ ከኋላዬ ውኃ እየረገጠች ትዘፍናለች!
ለአማቴ፣ ለባሌ አባት፣ ነገርኳቸው። መንደሩን ሙሉ ያከሙ ሰው... ሳቁ። «ሰውነቷ ውስጥ ነፋስ በዝቶባት ነው። የዝናቡ ወር የሕክምና ወር ነው፣ ለእኔ ተያት።»

ሐምሌ 13
ብራህሚ የሚሉትን የመድኃኒት ቅጠል ጨምረው ቅቤ አነጠሩ። ክር ነክረው ለኮሱ፤ ዝም ብሎ ነደደ። «ቢንጣጣ ውኃ አለበት ማለት ነው» አሏት ማላቲን። «ለሚባክን ልብም፣ ለሚረሳ ጭንቅላትም ይሆናል።» ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ። ከዚያ አናቷ ላይ ዘይት፣ በአውራ ጣታቸው፣ ቀስ እያሉ...
ቃሪያ የለም፣ ጥብስ የለም። ለቤቱ ሰው ሁሉ! ባሌ ሱኩማራን የሩዝ ሾርባውን እያየ «እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

ሐምሌ 21
ተቀመጠች! በረንዳው ላይ፣ እግራቸው ሥር። የዝንጀሮውን ተረት እያወሩላት። ቅቤው ይሁን እጃቸው እንጃ... ምን አገባኝ። በሩ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ።

ሐምሌ 29
ማላቲን ተቅማጥ ያዛት። አማቴ «አትደንግጪ» አሉ። አልደነገጥኩም።

ነሐሴ 4
አሁንም። ዓይኗ ጎድጉዷል። የቅቤው ማሰሮ ደግሞ ሊሟጠጥ ነው፤ ለወሩ ይበቃል ተብሎ አልነበር? ድመቷን ረገምኳት።

ነሐሴ 5
ድመቷ አይደለችም።
ጠዋት ከማድቤት ሆኜ አየሁ። አማቴ አንድ ማንኪያ ሰጧት። አናቷን ቀቡ። ተረቱ መሐል ቆም አሉና ማሰሮውን አዩ። «ነይ እንጂ፣ መድኃኒትሽን ሳትወስጂ?» ማላቲ ትክ ብላ አየቻቸው። አፏን ከፈተች። ዋጠች።
ጓዳ አስገብቼ ጠየቅኋት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»
«አንዳንዴ ሦስቴ።»
«ለምን አልነገርሻቸውም?»
«ያፍራላ! ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ ታስቆሚዋለሽ።»
ይቺ የጎረቤቱን ጉድ ሁሉ መንገድ ላይ የምትለፈልፍ ልጅ... ይህን ይዛ ከረመች? እኔስ የት ነበርኩ?

ነሐሴ 6
ነገርኳቸው። እንዴት እንደጀመርኩት እንጃ። ከዚያ የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው እጄ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም... ጎዳኋት እንዴ?»
«ኧረ አልጎዷትም፣ አባባ።» ዋሸሁ። ሱኩማራን ምሳውን ሳይነካ ተነሳ።

ነሐሴ 14
ሆዷ ዳነ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ... ዛሬ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አወረድናት። አማቴ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ናቸው፤ እጆቻቸውን ዘርግተው ያያሉ። ከተረፈው ቅቤ ለእሳቸው አንድ ማንኪያ ሰጠኋቸው። አጣጣሙት። «ማን ነው የሠራው? ጎበዝ ነው» አሉኝ።
ወደ ጓዳ ገባሁ።

መስከረም 5
ኦናም አለፈ። ትምህርት ቤቱ አልራራላትም። ከሰኞ ጀምሮ ከተማ እህቴ ጋ ሆና ትማራለች፤ እዚያ ሐኪምም ያያታል። ልብሷን ሳጣጥፍ ዋልኩ።
አባባ ጠዋት «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።
«ያንተ» አለች ማላቲ። ዘይቱን አመጣች። ከኋላቸው ተንበርክካ አናታቸውን ቀባች፣ በአውራ ጣቷ፣ ቀስ እያለች... የዝንጀሮውን ተረት እሷው አወራችላቸው፤ እስከ መጨረሻው፣ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል። ጨርሳ እጇን ስታብስ ዞር አሉ።
«ምነው ልጄ፣ ተረት አወራልሃለሁ ብለሽኝ አልነበር?»
ትክ ብላ አየቻቸው። ከመጀመሪያው ጀመረች።