ከፍራንክፈርት ሮም

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ 1998። ከሥራ መልስ

ዛሬም መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ብዙ ቆየሁ። እማዬን በኖረችበት ሮም ቀብሬ ከተመለስኩ ዘጠኝ ቀኔ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን? ዳዊት አልመጣም። አንድ ወንድሜ! እኔ ከአትላንታ ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ፣ 14 ሰ. ተጉዤ ደረስኩ። እሱ እዚያው ፍራንክፈርት። ሣጥኑን ጎረቤት ተሸከመው። አክስቴን እትዬ ጽጌን ብጠይቃት ተይው አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። አፍራበት ነው።

ረቡዕ፣ 4። ምሳ ሰዓት

ሚድታውን፣ ከቢሮዬ ሥር ያለው ትኬት ቢሮ ገባሁ። ከፍራንክፈርት ሮም ስንት ነው? ወደ 960 ኪ.ሜ.። በረራው 1 ሰ. ከ50 ደ.። ልጅቷ ልቁረጥልሽ ወይ አለች። አይ፣ በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት።

1 ሰ. ከ50 ደ.! ዝናብ የጣለ ቀን እኔ ከቤቴ፣ ከሎረንስቪል፣ ሥራ የምገባበት ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ከቀትር በኋላ

ጻፍኩለት። “እማዬን ብቻዬን አፈር አልብሼ መጣሁ” ብዬ ጀመርኩ። የትኬት ቢሮውን ወረቀት አያያዝኩበት። እኔ ስሞት ደግሞ አትላንታ የአስር ሰዓት በረራ ነው፣ አትልፋ። ወንድም የለኝም። በኤክስፕረስ ላክሁ። ፖስታውን ስልስ ማስቲሹ እንኳ ጣፈጠኝ።

እሑድ፣ 8

ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሰበኩ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት፣ አውቃለሁ። ልሳላ! ሲያነበው ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ አሜን አልኩ። ይቃጠል።

ሰኞ፣ 9። ጠዋት

እትዬ ጽጌ ደወለች።

ዳዊት ሆስፒታል ነው። እማዬ ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት ልቡን ኦፕሬሽን ሆኗል። ቁስሉ መርቅዞ እስካሁን ተኝቷል። እኔን፣ ሐዘን አይደራረብባት ብለው ደበቁኝ። እሱን፣ ልቡ ሳይጠና መርዶ አይሰማም ብለው። እማዬን በስልክ አገናኙኝ ሲል፣ ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶታል ይሉታል። ለሚስቱ ለሔለንም አልነገሯትም፣ ፊቷ ያጋልጣታል ብለው። ቅዳሜ ሲወጣ ሽማግሌዎች ማልደው ሊያረዱት ነው። አደራ፣ እንዳትደውዪለት አለችኝ።

አልደወልኩም፣ እትዬ። ጻፍኩ እንጂ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ

ሔለን ጋ ደወልኩ። ደስ አላት። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ፣ ያበረታዋል ብዬ ሳልከፍት ወሰድኩለት፣ ተኝቶ ስለነበር ትራሱ አጠገብ አኖርኩለት አለች። ተመለሺና አምጪው አልኳት። ለምን አለች። የእማዬ ነገር አለበት ስላት ገባት። ሆስፒታሉ በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው። ሮጣ ወጣች።

ሃያ ደቂቃ። ጌታ ሆይ፣ እንቅልፉን አክብድለት። ያ የፍራንክፈርት ሮም ወረቀት ከእጁ ሩቅ ይሁን።

ስልኩ ጮኸ

ሔለን አይደለችም። ዳዊት ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስለ በረራው ሰዓትም፣ ስለ ስድቤም አላነሣም። ያለኝ አንድ ነገር ነው።

“ብቻሽን ቀበርሻት?”

ፓስፖርቴ መሳቢያው ውስጥ ነው። ዛሬ በረራ ካለ፣ በየትም ዞሬ ፍራንክፈርት እገባለሁ።