ከአንድ ትሪ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፣ 2008

ከየካ አባዶ ወሎ ሰፈር ለመድረስ ዛሬም ግማሽ ጠዋት ታክሲ ውስጥ። ግድ የለም፣ ሥራዬን ወድጄዋለሁ። ታች ጋራዡ መዶሻ ያንኳኳል፣ ላይ እኛ ምርመራ ቢሯችን ውስጥ ስለ ሆድ እናወራለን። ለአንድ ደንበኛ «በየሰዉ አንጀት ያለው ባክቴሪያ ይለያያል፤ ያንዱን ስኳር የሚያንረው ምግብ ሌላውን ምንም ላይለው ይችላል» አልኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ደስ አለኝ... ምን ይደበቃል!

አለቃዬ አቶ ዓለምሰገድ ቢሯችን ለጀመረው የአንጀት ባክቴሪያ ጥናት ስኳር ያለባቸው ሰዎች አምጡ አለን። ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «አክስቴ አለች።» ሳልጠይቃት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

አክስቴ፣ አዳዳ ጫልቱ፣ እምቢ አለች።

«ሰገራዬን? ምን አባቱ ሊያደርግልህ?»

«ለምርመራ ነው። ሆድ ለየብቻ ነው አዳዳ፣ ያንቺን ሳናይ የሚስማማሽን ምግብ አናውቅም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተቀየረ። «የሰው ቆሻሻ ሰው እጅ ገብቶ ምን እንደሚሠራበት አታውቅም፣ ጃራ። ደም ከፈለጋችሁ ጣቴ ይኸው። ከዚያ ወዲያ የለም።»

የጣቷን ደም ወሰድኩ። የሰገራ መያዣ ብልቃጧን ግን መስኮቱ ላይ ተውኩላት፣ ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር...

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

አልቀየረችም። ናሙናዎቹ ደግሞ ዛሬ ማታ ውጭ አገር ወዳለው ላብራቶሪ ይበራሉ።

«የአክስትህስ?» አለኝ አቶ ዓለምሰገድ።

«አለ።»

ከቢሮ ሌላ ብልቃጥ አንስቼ ሽንት ቤት ገባሁ። የራሴን ጨመርኩ። ስሟን ጻፍኩበት።

ምን ይለያል? ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንድ ትሪ አይደል የምንበላው? ያው ነው።

ያው ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ውጤቱ መጣ። «ገብስ ስኳርዎን ያንረዋል፤ ሩዝና ሙዝ ይስማማዎታል።» መንገድ ላይ ልቅደደው ብዬ አሰብኩ። በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ደሜ ምን አለ?»

አነበብኩላት።

«ጾሙ ሊገባ በሶዬን? ሰሚት ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ ገብስ ነው ያቆመኝ።» ትንሽ አሰበች። «እሺ። የተማርከው አንተ ነህ።»

በሶውን አንስታ ለጎረቤት ሰጠች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ሩዝ። ሙዝ። ሩዝ። ውሃ ትጠጣለች፣ አሁንም ትጠጣለች። «አልተስማማኝም መሰለኝ» አለች። «ሰውነትሽ እስኪለምድ ነው» አልኳት።

እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 10

ደረጃው ላይ ዓይኗ ጭልም አለባት። ከጎረቤታችን ከሰብሊ ጋር ደግፈን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ስኳሯ መለኪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆኗል። ነርሷ ምን ስትበላ እንደከረመች ጠየቀች። አዳዳ በዚያ ድካሟ፣ በኩራት፣ «የልጄ መሥሪያ ቤት ያዘዘልኝን» አለች።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ነገርኳት።

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ላንተ ሆድ ነው የበላሁት?»

«አዳዳ...»

«እምቢ ስልህ አልሰማኸኝም ነበር?»

ሰምቻለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ራት በሁለት ሰሃን ቀረበ። «ሆድ ለየብቻ ነው ስትል አልነበር? ይኸው።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

ለአቶ ዓለምሰገድም ነገርኩት።

«ስንቱን እንዲህ አድርገሃል?»

«የሷን ብቻ።»

«በምን ልመንህ?»

እኔ ያመጣኋቸው ሰዎች በሙሉ ከጥናቱ ወጡ። ሊሰጡኝ የነበረው የአማካሪነት ሥልጠናም ቀረ። ከነገ ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ላይ ስልክ አነሳለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 5

መድኃኒቷን አስተካክለውላታል። ወደ በሶዋ ተመልሳለች፤ ስኳሯም ወርዷል።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አጠገቤ አስቀመጠች። ያቺ የመስኮቷ ብልቃጥ!

«ይሄኛው የኔ ነው። ስሜንም ራሴ ጽፌበታለሁ።»

«አዳዳ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩሽም...»

«ለዛ ነው የምሰጥህ።»

ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። «ከወንበሩ ሥር አድርገው እንጂ ጀለስ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» አለ ወያላው። ሰው ሳቀ። አላወረድኩትም። ቢሮ ስደርስ ሌላ ልጅ እንደ አዲስ መዝግቧት፣ ፈርሞ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ እንድነካው አልተፈቀደም። ልክ ናቸው።

ማታ አሁንም ሁለት ሰሃን ነው። አልጠየቅኩም። የቀረበልኝን በላሁ።