የተዘቀዘቀው ወንዝ

ውድ እህቴ ሚጣዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። ሁለተኛ የወጡት አዛውንት የፈተናው ቀን መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ነበር፤ እሱን ተዪው።

ከሞትሽ ዓመት ሊሞላ ነው። ለመጨረሻው ዐውደ ርእይሽ ሥዕሎችሽን የሰቀልኩት እኔ ነበርኩ። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ የቱ ወደ ላይ እንደሚሆን ከጀርባቸው ጽፌያለሁ፣ እያየህ ስቀል አልሽኝ። እኔም ለማን ነው የምትነግሪው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ፊደል አለመቁጠሬን እንኳን ላንቺ ለትራሴም አልነገርኩም። ሌሎች ሠዓሊዎች ቀስት ያደርጉበታል፤ አንቺ አምነሽኝ ጻፍሽ።

የዛፉንም የሣሩንም ሥዕል እንደምንም ገመትኩ። ምን እንደሆነ የማይለየው ትልቁ ረቂቅ ሥዕል ግን ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቡናማ ነው። ሰማይና መሬት ማን ይጠፋዋል ብዬ ሰማያዊውን ወደ ላይ አደረግሁት።

የመክፈቻው ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር መጣሽ። እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሽ። የጋለሪው ሥራ አስኪያጅ ልክ ነው ወይ የተሰቀለው ሲልሽ ዞረሽ አየሽኝ። የዚያን ዕለቱን ፎቶ አሁን ሳየው፣ የዐውደ ርእዩን ካታሎግ ዘቅዝቄ ይዤ እንደ ምሁር አንገቴን ሰበር አድርጌያለሁ።

«ልክ ነው፤ ጋሼ አይሳሳትም» አልሽ። ሥዕሉ በዚያው ተሸጠ። በሦስተኛው ሳምንት አንቺም ሄድሽ።

ለሙት ዓመት መታሰቢያ ዐውደ ርእይሽ ገዢዋ ሥዕሉን አዋሰችን። ትናንት ጀርባውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ «ይህ ወደ ላይ። ጋሼ ወንዝ ሲያሻግረኝ።»

ለካ ሰማያዊው ውሃው ነው። ቡናማው ጀርባዬ። ያኔ በልጅነትሽ አዝዬ የእግርሽን ጣት ውሃ ሳላስነካ ያሻገርኩሽን ልጅ፣ ዓመት ሙሉ በአናትሽ ውሃ ሥር ደፍቼሽ ከረምኩ።

አቃንቼ ሰቀልኩት። ሥራ አስኪያጁ ግን የመክፈቻውን ዕለት ፎቶ አውጥቶ መልሶ አስገለበጠኝ። የጀርባውን ጽሑፍ ባሳየውም፣ ሐሳቧን ቀይራ ይሆናላ አለ።

«ራሷ እዚህ ሆና ልክ ነው ብላለች። ለምን ትዋሻለች?»

መልሱ በአፌ ነበር። ወሬ አልቆብኝ የማላውቀው ሰውዬ ማንበብ አልችልም ነበር ማለት አፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ከሥሩ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ይህ ሥዕል የተገለበጠው የሰቀልኩት እኔ ያኔ ማንበብ ስለማልችል ነው። እህቴ ልክ ነው ያለችው እንዳላፍር ብላ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሁለቴ አነበበው። እኔን ሳያይ ሄዶ መሰላሉን አመጣና ያዘልኝ።

አሁን ተቃንተሻል፤ ውሃው ከታች ነው። አንቺ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው ተዘቅዝቆ ነው፤ እሱን የማቃናበት መሰላል የለኝም።

ያሻገረሽም የገለበጠሽም፣
ጋሼ