ማንጎ የሸተተው ሽምግልና

ሞጣ፣ ሚያዝያ ፳፻፲ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የሰፈራችን የሽምግልና ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ደረትዎስ? ከወገብ በታችስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ የሰሎሜ አክስት ሀብትነሽ፣ ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም፣ ከሰሞኑ ደስታ የተነሳ ምላሴን መያዝ አቅቶኛልና ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በእድራችን አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎችም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. በኅዳር ወር የሰሎሜና የባሏ የእንዳለው ጉዳይ በቀረበ ጊዜ፣ ባልየውን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ «ማሕፀኗ ዘግቷል፤ ጠበል ትግባ፤ እስከ ፋሲካ ካልጸነሰች ይለያዩ» ብለው ስለፈረዱልን እናመሰግናለን። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ልጅ የሚወለደው ከሁለት ሰው መሆኑን ለሽማግሌ ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

፪ኛ. ያን ዕለት እንዳለው ከአዲስ አበባ ያመጣውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ከማተቡ ጎን አንጠልጥሎ እየመጠጠ ነበር የተዳኘው። ሲጋራ ያጤሰን ሰው ከሸንጎ የምታባርሩ እናንተ፣ «ይኼማ እንፋሎት ነው፣ ትምባሆም አይደል» ብላችሁ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከነምራቁ፣ ተቀባበላችሁት! እርስዎማ ስበው ስበው ሲያስልዎት አክታዎን በጋቢዎ ጠርገው «ጣፋጭ ነው» አሉ። የበሰበሰ ማንጎ በስኳር የተቀቀለ ይመስል አዳራሹ ሲከረፋ፣ እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ከኋላ ቆምኩ። እንደ ልጄ የማያት ሰሎሜ በዚያ ጢስ ውስጥ መካን ተባለች።

፫ኛ. ሁለቱንም ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሰሎሜ ደህና ናት፤ የደከመው የእንዳለው ዘር ነው። ሐኪሙ «ጥናቱ ገና አላለቀም፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ግን በዚህ እንፋሎት ውስጥ ያለው ኒኮቲን የወንድን ዘር ሊጎዳ ይችላልና መጀመሪያ እሱን ተው» አለው። ይህን ብነግርዎ «በእንፋሎት የመከነ ወንድ ካባቶቻችንም አልሰማን» ብለው አሰናበቱኝ። አባቶቻችን መቼ ማንጎ አጨሱና ይሰማል፣ ጌታዬ?

አሁን ደስታዬን ልንገርዎ። እንዳለው ያን ጉድ ሽንት ቤት ጣለው። «እቴቴ፣ እኔ አፍሬ ያልተናገርኩትን አንቺ ጻፊው፤ ሚስቴን አልፈታም» ብሎ የለመነኝም እሱ ራሱ ነው። ሰሎሜ ጸነሰች አላልኩም፤ እግዜር ያውቃል። ግን ለዳግማይ ትንሣኤ ልታፋቷቸው ስትቀመጡ፣ እሱ ቀድሞ ቆሞ ይናገራል፤ እናንተም፣ አፋችሁ ባዶ ከሆነ፣ ትሰማላችሁ።

ከሸንጎው ጀርባ ቆሜ ጥበብዎን ከነሽታው የቀሰምኩ፣
ታዛዥዎ ሀብትነሽ

ማስታወሻ፦ መካን ናት ብለው የሸኟት የቀድሞ ባለቤትዎ ውበቴ፣ አምበር ከተማ ተድራ ሦስተኛ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነውና ተጠርተዋል። እርስዎ ግን ሌላም አግብተው ቤትዎ ጭር እንዳለ ነው፤ ጠበል ይግባ ብሎ የሚፈርድብዎ ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም።