ተረከዜ አላረገዘም

አበቡ፣

ስትመጪ እንዳትደነግጪ፣ በእግሬ ነው የወጣሁ። ሽሮ አለልሽ፣ አሙቂና ብዪ።

ዛሬ ሐኪም ቤት የሳቅነውን ሳቅ ብታዪ! ዶክተሯ «እማማ፣ አልትራሳውንድ ይነሱ» ብትለኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ከማን አረግዛለሁ?» አልኋት። ተራ ጠባቂው ሁሉ ተንከተከተ። ለካ ለተረከዜ ኖሯል! ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትትብኝ ኮረኮረኝና እንደ ልጃገረድ ተፍለቀለቅሁ።

ቴሌቪዥን ላይ አሳየችኝ። የውስጥ እግሬ ጅማት ወፍሯል፣ በቃ።
«መርፌ የለም? የተደገመ ነገርስ?» ብላት፣
«ምንም የለም እማማ፣ በባዶ እግር መሄድ ይተዉ፣ ለስላሳ ጫማ ያድርጉ» አለች።

እንግዲህ ደጃፍ ላይ የደፋሽው ውሃ የልብስ እጣቢ ኖሯል።

እኔ ግን «አበቡ ያስደገመችብኝን ውሃ ረገጥሁ» ብዬ ለጎረቤቶቻችን ለሰርካለምም ለእታገኘሁም አውርቻለሁ። አሁን ቤት ለቤት ዞሬ አፌን ላርም ነው የወጣሁ። ተረከዜ ያማል። ይመመኝ።

ወሬውን ሰምተሽ «ሳንጃ ከተማ እህቴ ዘንድ ልሂድ» ብለሽ ያሰርሽውን ጓዝ ፍቺ።
ለስላሳውን ጫማሽን አድርጌ ወጥቻለሁ፤
ያለ እሱ የትም አትሄጂ።

ምንዳዬ