«ምርቃና ነው» ያልኩት ትኩሳት

ውድ የኋላሸት፣

አሰላ እንዴት ይዞሃል? ቤዛስ ደህና ናት? ትናንት ደውለህ «ዘኔ፣ ያኔ ባትደርስልኝ ሞቼ ነበር» አልከኝ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ባለቤትህን ቤዛን ጠይቃት። ግራ ገብቶኛል ወንድሜ፣ ስልኩን ትቼ በወረቀት የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የማታስታውሰውን ልንገርህ። ጅጅጋ አንድ ግቢ ተከራይተን ስናስተምር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ጫት ይዘን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይተህ «የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል» አልክ። እኔን በሟች ወንድምህ ስም ጠራኸኝ። ሪሞቱን «ማንኪያ» ስትለው ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አከራያችን ደሃቦ ግንባርህን ነካችና «ወላሂ ይሄ የጫት አይደለም! ሰውየው እየነደደ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰደው» አለችኝ። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጫት የሸጠች ናት፣ ከእሷ በላይ ማን ሊያውቅ! እኔ ግን «መርቅኖ ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል» አልኳት።

ቅዳሜን ስትቀባጥር ዋልክ፣ እኔ እዚያው አጠገብህ ፈተና አርም ነበር። እሑድ ጠዋት ሲያንዘፈዝፍህ ነው በባጃጅ ይዤህ የበረርኩት። ሐኪሙ «መቼ ጀመረው?» ሲለኝ «ዛሬ ጠዋት» አልኩ። ዋሸሁ፣ የኋላሸት። ያ ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ አልፎ አልፎ አንጎል ውስጥ እንደሚገባ፣ መድኃኒቱም ቶሎ ሲጀመር እንደሚሻል የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላማ እውነቱን ለማን ልናገር?

ባለፈው ወር ግን ሁሉንም በስልክ ነገርኩህ። አለቀስክ፣ እኔም አለቀስኩ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልከኝ። እፎይ አልኩ። ግን ያ በሽታ የዛሬውን ለነገ አያሳድርልህምና፣ በማግስቱ ደውለህ «ዘኔ፣ ያኔ ባትደርስልኝ...»

እና ምን ልበል? አሁን እኔ ይቅር ተብያለሁ ወይስ አልተባልኩም? እንደገና ብነግርህ እንደ አዲስ ላስለቅስህ ነው። ዝም ብል ደግሞ የማይገባኝን ምስጋና እየበላሁ ልኖር ነው። ዓርብ ዕለት ብንሄድስ ሙሉ በሙሉ ትድን ነበር? ይህንንም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን አንብብና መልስህን በገዛ እጅህ ከታች ጻፍበት። አልምርህም ካልክም እንደዚያው ጻፈው፣ አልቀየምህም። ቤዛ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ወረቀቱን ግን እሷ ታስቀምጠው። ልታመሰግነኝ ስልክህን ባነሳህ ቁጥር አውጥታ ትስጥህ፣ እሱን አንብበህ ጨርስና፣ ያኔም ልትደውልልኝ ከፈለግህ ደውል።

ሁለት ቀን ያዘገየህ ጓደኛህ፣
ዘነበ
ጅጅጋ